አንድም ቀን ያልቀሩት ሰው

ጥፋቱ መረዳዳታቸው ነበር። ሌላ ጥፋት አልተገኘባቸውም። የብሎክ ሃያ ሰባት ነዋሪዎች አንድ በሽተኛ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ እያወረዱ፣ መልሰው አሥራ አንደኛ ፎቅ እያወጡ ሁለት ዓመት ሊደፍኑ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ የነዋሪዎች ፍላጎት ምዘና ጽሕፈት ቤት ሊፍት እንደማያስፈልጋቸው ወሰነ። ውሳኔው አንድ መስመር ነበር፦ «በተጠቀሰው ሕንፃ ያልተሟላ ፍላጎት አልተገኘም።» ቀኑ መስከረም 19፣ 2068 ዓ.ም. ይላል።

በሽተኛው ጋሽ ናሆም ይባላሉ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እጥበት ማዕከሉ ተገኝተው ክንዳቸውን መስጠት አለባቸው። ይህን ካላደረጉ ይሞታሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ሶልያና ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በብቅል ፋብሪካ የገብስ እርጥበት ትለካለች፤ አግብታ ፈታለች፤ ትዕግሥት የላትም።

ነፋስ በር ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ድሮ ገብስ ይዘራበት በነበረ ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ብሎኮቿ አሥራ አራት አሥራ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሲሠሩ ሁሉም ሊፍት ነበራቸው። ከዚያ ምዘናው መጣ። አገልግሎት እንደ ፍላጎት ይሁን ተባለ፤ ሊፍት መውጣት ላቃተው፣ ውሃ ለጠማው፣ ሐኪም ለታመመው። ማንም አልተቃወመም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይቃወማል? ሞተሮቹ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ መዞር ጀመሩ። የብሎክ ሃያ ሰባት ሞተር የተነቀለው ነዋሪዎቹ የሊፍት ወረፋ ሰልችቷቸው በእግራቸው በወጡበት ሳምንት ስለተመዘኑ ነው። ሰው በእግሩ ከወጣ ሊፍት ምን ያደርግለታል?

ያኔ ማንም ስብሰባ አልጠራም። ሞተሩ በተነቀለ ማግስት ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖረው ጎማ ጠጋኙ ፉአድ የጋሽ ናሆምን በር አንኳኳና «ጀርባዬ ላይ ይውጡ» ብሎ ጎንበስ አለ። አዝሎ አወረዳቸው። በሁለተኛው ቀጠሮ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ዳግም አንድ የፕላስቲክ ወንበር ግራና ቀኝ የብረት ቧንቧ አሰረበት። በሦስተኛው ቀጠሮ ተራ ወጣ። ተራውን የያዙት የስድስተኛ ፎቋ እትዬ ሃሴት ናቸው፤ የደረጃ ማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት ስለሆኑ ቀሪ የሚባል ነገር አይወዱም። ስምንት ሰው ነበር፤ አራቱ ይሸከማል፣ አራቱ ይቀይራል። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፣ ሦስተኛው ላይ ይቀያየራሉ፣ መሬት ሲደርሱ ጋሽ ናሆም «ዕድሜ ይስጣችሁ» ይላሉ፣ እነሱም «ለርስዎ ይስጥዎ» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ላይ።

መዝገቡ ከዚህ ሁሉ ያየው አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ናሆም በሰዓታቸው ማዕከሉ ገብተዋል።

ሶልያና ውሳኔው በደረሳት ማግስት ፈቃድ ጠይቃ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ ተጽፏል። ያነጋገራት መዛኝ ያፌት ይባላል፤ ፂሙ በሥርዓት የተከረከመ፣ ሰው የማያስቀይም ወጣት ነው። ወንበር ሳበላት።

«አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«ተመስገን» አለችና ምላሷን ነከሰች። «ማለቴ ደህና አይደለም። በሰው ትከሻ ነው የሚኖረው።»

ያፌት መዝገቡን ወደ እሷ አዞረው። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ሦስት መቶ ስድስት ቀጠሮ። ሦስት መቶ ስድስቱንም ተገኝተዋል። ያረፈዱት ሁለቴ ነው፤ እሱም ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከማዕከሉ ፊት ለፊት የሚኖሩት እንኳ እንደሳቸው አይገኙም።»

«ስምንት ሰው ተሸክሞ ስለሚያመጣው ነዋ!»

«እሱ በጣም የሚያኮራ ነገር ነው።»

«አባቴ ሎሚ አይደለም።»

ያፌት ግድግዳውን አየት አድርጎ ፈገግ አለ፤ ይህን የምትለው እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። «እኛ የምንመዝነው የሰውን ድካም አይደለም» አላት። «ድካም ቢመዘን ማን ይተርፋል? የምንመዝነው የቀረበትን ነው። አባትሽ ምን ቀረባቸው?»

ሶልያና መልስ ፈለገች። መለኪያ ሥራዋ ነው። ጆንያ ውስጥ የምትሰደው ዘንግ የነካውን ፍሬ እርጥበት ይነግራታል፤ ያልነካውን አይነግራትም፤ ለዚህ ነው አንዱን ጆንያ ሦስት ቦታ የምትወጋው። ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ያፌት ይህን የማያውቅ ሰው አይመስልም።

«ብሎክ ዘጠኝ እንዴት አገኘ?»

«እዚያ አንዲት እናት በምዘናው ሳምንት ሁለት የልብ ቀጠሮ አከታትለው ቀሩ። ያልተሟላ ፍላጎት ማለት እሱ ነው።»

የብሎክ ዘጠኝን ነገር ነፋስ በር ውስጥ ያልሰማ የለም። ምዘናው ሲቃረብ የአንዱን ነዋሪ የታመሙ አክስት ከገጠር አስመጥተው፣ አድራሻ አስይዘው፣ አሥረኛ ፎቅ አስተኟቸው። ሳምንቱን ሙሉ ማንም አላወረዳቸውም። ሊፍቱ ከተገጠመ በኋላ በዚያው ሊፍት አውርደው ወደ አገራቸው ሸኟቸው። ሰዉ ይህን ሲያወራ ይስቃል። ሶልያናም ስቃ ነበር።

ያፌት እስከ በሩ ሸኛት። «እኔ ምንም አላልኩሽም» አለ፣ ዓይኑ ኮሪደሩ ላይ ነው። «ቅሬታ ካስገባሽ ኅዳር ላይ አንድ ሳምንት ድጋሚ ትመዘናላችሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የለም። ሁለት ቀጠሮ ነው፣ ተከታታይ። አንዱን ቀርተው በሌላው ከመጡ አይቆጠርም።»

«አባቴን ላስቀረው ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩሽም እህቴ።»

ቅሬታውን ያንኑ ቀን አስገባች።

ሁለት ዓመት መጠበቅ እንደማይቻል ብሎኩ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ጮክ ብላ የምትናገረው ግን ሶልያና ብቻ ነበረች። ከስምንቱ ተሸካሚዎች አሁን ያሉት አምስት ናቸው። አንዱ ሥራ አግኝቶ አዋሽ ወረደ፣ አንዱ ወገቡ ተቆረጠ፣ አንዱ የዛሬ ዓመት በሳንባ ምች ሞተ። አሁን ካሉት ታናሹ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ሰባተኛው ፎቅ ማረፊያ ሲደርሱ የዳግም ጉልበት ከዳውና ወንበሩ ከነጋሽ ናሆም ዘጠኝ ደረጃ ተንሸራትቶ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ጋሽ ናሆም ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ «መንገዱ አጠረ» አሉ። እሳቸው ቀልደው ዝም ያሰኙት ነገር ግን ማዕከሉ ሲደርሱ ታየ፤ የሚወጉበት ክንድ ከክርን እስከ አንጓው ጠቁሮ ነበር። ነርሷ «ይችን ክንድ ከሰበራችኋት የምንወጋበት ሌላ የለም» አለች። ለማንም ለይታ አይደለም የተናገረችው፤ አምስቱም ግን ጫማቸውን አዩ።

ምድር ቤት መውረድ የሚባል ምክር የሚያመጣ አይጠፋም። አድራሻ የቀየረ ታማሚ ከእጥበት ተራው ይወጣል፤ አዲስ ተራ እስኪደርሰው አሥራ አራት ወር ነው። ይህን የሰማ መካሪ ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል።

የምዘናው ሳምንት ኅዳር ሁለተኛው ሰኞ ይገባል ተባለ። በዋዜማው እሑድ የደረጃ ማኅበሩ እትዬ ሃሴት ቤት ተሰበሰበ። ጋሽ ናሆም እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ አይወሰንም ስላሉ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ወደ ስድስተኛ ተሸክመው አወረዷቸው። እንዳይሸከሟቸው ሊማማሉ ተሸክመው አመጧቸው። ሶልያና ይህንን አይታ በዚያው ሰዓት መጠርጠር ነበረባት።

እትዬ ሃሴት መነጽራቸውን አደረጉ። «ነገ ሰኞና ረቡዕ ማንም ሰው ወንበሩን እንዳይነካ። ዓርብ እንወስዳቸዋለን። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው» አለ ዳግም። «እኔማ ጉልበቴ ራሱ ደስ ብሎታል።»

ፉአድ ግን ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ ይኼ ነገር ደግ አይደለም። በሽተኛ ላይ በር ዘግቼ ቁርስ ልበላ ነው? ወላሂ አይወርድልኝም።»

«ሳትበላ ዋላ!» አለች ሶልያና። «ማን ብላ አለህ? ሁለት ቀን ክፉ ሁን ነው የተባልከው። ሁለት ቀን! ዕድሜ ልክህን አይደለም።»

«አንቺ ቀላል አድርገሽ ታወሪዋለሽ።»

«ቀላል ነው አላልኩም። ዳግም ጉልበቱ አልቋል፤ አንተ ባለፈው ዓርብ አራተኛው ፎቅ ላይ ቆመህ ስታስመልስ አይቼሃለሁ። ስድስት ወር ትችላላችሁ? ስድስት ወር ካላችሁኝ ይኼን ሁሉ እተወዋለሁ። ማነው ስድስት ወር የሚለኝ?»

ፉአድ ወደ ጋሽ ናሆም ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎስ?»

ጋሽ ናሆም ቤት ለቤት እየዞሩ የመብራት ቆጣሪ ከሚያነቡ ሰዎች የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ በማንም ሳሎን ውስጥ ቤተኛ ሆነው የመቀመጥ ልማድ አላቸው። «እኔማ ምን እላለሁ» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ ውሃ በሲኒ ተለክቶ ስጠጣ ኖሬአለሁ። ሁለት ቀን ብቀር ማዕከሉ ይናፍቀኝ ይሆናል እንጂ።»

ሳቁ። እጅ ወጣ። ፉአድ መጨረሻ ላይ፣ እስከ ጆሮው ብቻ አወጣ። ሲጨርሱ ተሸክመው መለሷቸው።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሶልያና ደጅ ላይ ኮቴ ሰማች። ከፈተች። ፉአድ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ምን ትሠራለህ?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«ሁለት ፎቅ ወጥተህ?»

«ደረጃው የአባትሽ ነው እንዴ?»

ወዲያው ዳግም ከታች ብቅ አለ፤ እያነከሰ፣ በእጁ ፌስታል ይዞ። «ቆሻሻ ልጥል ነው» አለ ሳይጠየቅ።

«ወደ ላይ?»

ዳግም ፌስታሉን አየው። ባዶ ነበር። ከሱ ኋላ ሌሎቹ ሦስቱ ተሸካሚዎች መጡ፤ እነሱ ሰበብ እንኳ አላዘጋጁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳ ተደገፉ። በመጨረሻ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ሃሴት በየእርከኑ እየቆሙ አምስት ፎቅ ወጥተዋል።

«ማንም እንዳይመጣ ልጠብቅ ነው የወጣሁት» አሉ ሲተነፍሱ። በክንዳቸው የጋሽ ናሆም እግር ላይ የሚጣለውን ብርድ ልብስ አጥፈው ይዘዋል።

ሶልያና በሩ መሀል ቆመች። «ትናንት እጅ አውጥታችኋል!»

«አውጥተናል» አለ ፉአድ።

«እና?»

«እናማ ክፋትም ልምምድ ይፈልጋል፣ ሶል። በአንድ ሌሊት ከየት እናምጣው?»

ገፍቷት አልገባም። በጎኗ ያለችውን ክፍተት ብቻ ተጠቀመ። እሷም ክፍተቷን አልሞላችም፤ በኋላ ራሷን ስትመረምር ያገኘችው ይህንን ነው። ፉአድ አልጋው አጠገብ ሲጎነበስ ጋሽ ናሆም ሁለት እጃቸውን እንደ ልማዳቸው አንገቱ ላይ ጣሉ። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ማዕከሉ ነበሩ።

ደማቸው እየወጣ እየገባ ሳለ ሶልያና ነርሷን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«ሲስተር፣ እስከሚቀጥለው ሰኞ ቢቆይስ?»

«ማነው የሚያቆያቸው?»

«ቢቆይ ነው ያልኩሽ።»

ነርሷ አተኩራ አየቻት። የምዘናው ሳምንት መሆኑን ታውቃለች፤ በየምዘናው ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰው አፍ ይመጣል። «ጨው የለም። ፍራፍሬ የለም። ድንች ከበሉ ሁለት ጊዜ ውሃው ተደፍቶ ተቀቅሎ። ውሃ በቀን ሦስት ሲኒ» አለች። «የሚቆይ ሰው አለ፤ የማይቆይም አለ። የአባትሽ ልብ ሰፍቷል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ እኔ ቃል አልገባልሽም፤ ማንም ቃል የሚገባልሽ ካለ ይዋሽሻል።»

ሰባት ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ከቀሩ ሳምንቱ ሳያልቅ ሁለት ተከታታይ ይሞላል። ሌላ ሁለት ቀን የለም።

ከሰዓት በኋላ ከምዘና ጽሕፈት ቤቱ የምስጋና ወረቀት መጣ። ብሎክ ሃያ ሰባት በመጀመሪያው ቀን ባሳየው ከፍተኛ የመረዳዳት አቅም ለሌሎች አርአያ ሆኖ ተመርጧል። ከታች በትንንሽ ፊደል ሁለተኛ አንቀጽ ነበረው፤ ከዚሁ አቅም አንጻር ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ውሃ የሚገፋው ፓምፕና ቤት ድረስ መድኃኒት የሚያደርሰው ሠራተኛ አስፈላጊነታቸው እንደገና ይታያል ይላል። እትዬ ሃሴት ወረቀቱን መስታወት ውስጥ አስገብተው መግቢያው በር ላይ ሰቀሉት። የምስክር ወረቀት አይጣልም፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት ለልጆች ያስተማሩት ይህንን ነው። የሚገባም የሚወጣም ቆሞ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያነባል።

ማክሰኞ ሶልያና ሥራ አልሄደችም። ከበር በር ዞረች። ዳግም በልጆቹ ማለላት። ሌሎቹ ሦስቱ በማርያም ማሉ። እትዬ ሃሴት ምርኩዛቸውን ሰጥተዋት «ይኼው፣ ያለሱ አልወጣም» አሉ፤ መልሳ ሰጠቻቸው። ፉአድ ጎማ እያላቀቀ ነበር።

«አልመጣም» አለ ሳያያት።

«እየኝና በል።»

አላያትም። «አንቺ ልጁ ነሽ፣ ይፈቀድልሻል» አለ። «እኔ ጎረቤት ነኝ። ጎረቤት ሆኜ ካልመጣሁ ምንድን ነኝ?»

«መጥተህስ ምንድን ነህ? አንተ በመጣህ ቁጥር እሱ ደህና ነው እየተባለ ይጻፋል። ወረቀቱን አላየህም? ፓምፑንም ሊነቅሉት ነው። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነፍሰ ጡር አለች፤ ውሃ ማን ያወጣላታል?»

ፉአድ መፍቻውን አስቀመጠ። «እኛ ነና» አለ።

ቀልዱን አልነበረም። ሶልያና የዚያን ጊዜ ነው እንደሚመጣ ያወቀችው፤ ሁሉም እንደሚመጡ።

ማታ ለአባቷ ሁለት ጊዜ የተቀቀለ ድንች ያለ ጨው አቀረበች። ጋሽ ናሆም አንዱን ገምጠው አስቀመጡት።

«የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ» አሉ። «አንዲት ሴት ነበረች። መብራቷ ተቆርጦባት ሦስት ወር በሻማ ኖራለች። እኔ በየወሩ እገባለሁ፣ ቆጣሪዋ ዜሮ ይላል፣ ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ። አለቃዬ በስብሰባ መሀል ስሟን ጠርቶ ቆጣቢ ናት ብሎ አመሰገናት።»

«አንተ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? ዜሮ ነበር።»

«በሻማ ነው የምትኖረው አትልም?»

«የሻማ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።» ሁለተኛውን ድንች አገላብጠው አዩት። «ይኼ ነገር ከጨው ውጪ ምግብ አይደለም፣ ልጄ።»

«ነገ በሩን አልከፍትላቸውም፣ አባዬ።»

«እሺ።»

«የምሬን ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ረቡዕ ጠዋት ከጓዳ ስትወጣ አባቷ ለብሰው አገኘቻቸው። ካፖርታቸውን አጥልቀዋል፣ የሱፍ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ የግራ ክንዳቸው እጅጌ እንደ ማዕከሉ ሥርዓት እስከ ክርን ተጠቅልሏል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በሩን ያያሉ። ጫማቸውን ብቻ አላሰሩም፤ ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የሚያስርላቸው ሁልጊዜ ዳግም ነው።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለበስክ?»

«ብለብስ ምን አለበት?» አሉ። «ረቡዕ ነው። ይበርዳል።»

ሶልያና ሦስቱን ሲኒ ውሃ ቆጥራ አልጋው አጠገብ ደረደረች። ስልካቸውን ከሲኒዎቹ ጎን አኖረች። ለእኩለ ቀን የሚሆነውን ምግብ ከድና አስቀመጠች። እጇ ሥራ እንዳያጣ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። አባቷ አያዩዋትም፤ በሩን ነው የሚያዩት።

ከዚያ ከታች ድምፁ መጣ። ገና ሩቅ ነው፤ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ፎቅ ላይ ይሆናል። ብረት ከብረት ሲነካካ፣ አንዱ ሲያስል፣ የምርኩዝ ኮቴ። ከመሀላቸው አንዱ ሌላውን «ቀስ በል፣ ትሰማለች» ይለዋል።

የጋሽ ናሆም ፊት ተፈታ። ሊደብቁት ሞከሩ፤ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ፤ ግን አየችው። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣ ዘመዱን ድምፅ ሲሰማ እንዲህ ነው የሚሆነው። መሄድ ይፈልጋሉ። እሑድ ያወሩት ሁሉ፣ እሺ ያሉት ሁሉ፣ ቀልዱም ሁሉ፣ ከዚህ ፊት በታች ነበር።

ሶልያና ሂሳቡን እንደገና ሠራችው። ዛሬ ቢወርዱ ዛሬን ይኖራሉ፣ ዓርብንም፣ ገናንም፣ ምናልባት ፋሲካንም። አንድ ጠዋት ደግሞ ፉአድ ጎንበስ ብሎ አይነሳም፤ ወይም ዘጠኙ ደረጃ አሥራ ስምንት ይሆናል። ያን ጊዜ መዝገቡ እስከ ዋዜማው ድረስ አንድም የጎደለ ነገር እንዳልነበረ ያሳያል። ዛሬ ባይወርዱ ከሰኞ እስከ ሰኞ ሰባት ቀን ነው፤ ነርሷ ከአምስተኛው በኋላ ቃል አልገባችም። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ አታውቅም ነበር። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ኮቴው እዚህ እስኪደርስ ድረስ ውስጥ ከቆየች በሩን ራሷ ትከፍታለች።

ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «አባዬ፣ ደጅ ነኝ። ከደረጃው መልሼአቸው እመጣለሁ።»

«አይመለሱልሽም።»

«ይመለሳሉ።»

ጋሽ ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከበሩ ነቅለው እሷን አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ይቅርታም የለም። ቁጥር አንብቦ የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

«ቁልፉን ይዘሽው ውጪ» አሉ። «እዚህ ከተውሽው እከፍትላቸዋለሁ።»

ኮቴው ዘጠነኛው ፎቅ ደርሷል። ሶልያና ቁልፉን ከበሩ ነቀለች፣ ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ሁለት ጊዜ አዞረችው።